ደንገል ሸምበቆ አይደለም

ማውን፣ ቦትስዋና
ሜይ 3 ቀን 1998

«የእግዚአብሔርን ፈቃድ በትሕትና በመቀበል የዶክተር ሄዝሮን ኦቡያን ሞት እናስታውቃለን። የሟቹ የዛካርያ ኦቡያና የዶርካ ኦቡያ የበኩር ልጅ፣ የናፍታሊ ኦቡያ ታላቅ ወንድም። በሩቅ ደቡብ አገር በረግረግ ውስጥ ሸምበቆ ሲያጠና ውሃ በላው። አስከሬኑ ባለመገኘቱ የቀብሩ ሥርዓት በአባቶች ወግ መሠረት ኤፕሪል 4 ቀን በካዲሞ፣ በአባቱ ግቢ ተፈጽሟል።»

ናፍታሊ፣ የእናቴ ልጅ፣

ከላይ ያለውን ቃል በቃል የገለበጥኩት ከጋዜጣ ነው። ቆርጦ የላከልኝ ኪሱሙ ያለው የአክስታችን ልጅ ኦዴሮ ነው። በጠርዙ ላይ «ይህን የምታነብ ከሆነ ጻፍልኝ» ብሎበታል። ፎቶግራፉ ከማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁ ዕለት የተነሣሁት ነው። ያ ፎቶግራፍ ያለው በእናታችን ቤት ግድግዳ ላይ ብቻ ስለሆነ ማን እንዳወረደው አልጠይቅህም።

ወግ ነውና፣ እንደምን ሰንብተሃል? ሪስፐርና ልጆቹስ? ትንሹ ኦጎላ ማንበብ ጀመረ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ሳላስብባት ስጽፋት ኖሬ፣ ዛሬ ማስረጃ የሚጠየቅባት ሆነች።

ስሕተቶቹን ከትንሹ ልጀምር። ሸምበቆ አላጠናሁም። በሕይወቴ ሸምበቆ አጥንቼ አላውቅም። ሸምበቆ የሣር ወገን ነው፤ ግንዱ ክብ፣ ውስጡ ባዶ፣ በአንጓ በአንጓ የተቀጣጠለ። ደንገል የቀጤማ ወገን ነው። ግንዱ ሦስት ማዕዘን ነው፤ አንጓ የለውም፣ ቅጠልም የለውም። ከሥሩ እስከ ጸጉሩ፣ ሰው በሰው ትከሻ ላይ ቢቆም እስከማይደርስበት ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል፤ ውስጡም አየር ባዘለ ነጭ ስፖንጅ የተሞላ ነው። ይህን አንተ ከእኔ እኩል ታውቃለህ። የተወለድክበት ምንጣፍ ደንገል ነው። የአባታችን ቤት መዝጊያ ደንገል ነው። እናታችን እኔን ያስተማረችኝ ደንገል ቆርጣ፣ ምንጣፍ ሠርታ፣ ሸጣ ነው። ሰውን መግደል ካልቀረ በገዛ ተክሉ ይገደላል።

ወደ ትልቁ ልለፍ። ኦዴሮ እንደጻፈልኝ ሣጥኑ ውስጥ ያስተኛችሁት የያጎ ፍሬ ነው። ሐይቅ ለበላው ዓሣ አጥማጅ፣ ሬሳው ለጠፋ ሰው የሚደረገውን አድርጋችሁልኛል፤ ያንን እንደ ክንድ የሚረዝም ፍሬ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ስሜን ጠርታችሁ፣ አፈር አልብሳችኋል። እኔ ግን ጠፍቼ አላውቅም። አድራሻዬ በየደብዳቤዬ ራስጌ ላይ አለ። ኖቬምበር ላይ ጽፌልሃለሁ፤ በገና በዓል ማግስትም ጽፌልሃለሁ።

እዚህ ጀልባ የሚቀዝፍልኝ ሞሌፊ የሚባል ሰው አለ። ማስታወቂያውን ሳነብለት አንገቱን ነቀነቀና «አለቃ፣ እንግዲህ የምቀዝፍልህ በቀን ብቻ ነው። ከመሸ ሙት አላመላልስም» አለኝ። ሳቅን። እኔ ግን ማታ እራት አልበላሁም።

ሁለት ነገር እጠይቅሃለሁ። አንደኛ፣ በዚያው ጋዜጣ ማስተባበያ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ዕለት እናታችን ዘንድ ሂድና «ሄዝሮን አልሞተም» በላት። የመጀመሪያው ቢዘገይ ግድ የለኝም። ሁለተኛው አይዘግይ።

በሕይወት ያለው ታላቅህ፣
ሄዝሮን

*

ካዲሞ
ጁን 1 ቀን 1998

ታላቄ ሄዝሮን፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለመመለስ ጥቂት ቀን ዘግይቻለሁ። ከኀፍረት ነው እንዳትል፤ ወባ ነው።

የጠየቅኸኝን በተራ እመልሳለሁ። ሪስፐር ደህና ናት። ናንሲና ታናናሾቿ ደህና ናቸው። ኦጎላ ማንበብ አልጀመረም። ፌብሩዋሪ ላይ ቀበርነው። ተቅማጥ ነው የወሰደው። ያልጻፍኩልህ «ውሃውን አፍልታችሁ ነበር ወይ?» ብለህ እንደምትጠይቀኝ ስለማውቅ ነው። እናፈላ ነበር። ማገዶው እርጥብ ሆኖ አልነድ እያለ ነው እንጂ።

ሐይቁ ግቢ መግባቱን ጽፌልህ ነበር። ከዚያ በኋላ ደንገሉ ራሱ መጣ። ከያላ ረግረግ አንድ ደሴት ተገንጥሎ፣ ከነእባቡ ከነወፉ በነፋስ እየተገፋ መጥቶ የአባታችን ጎተራ ላይ ተቀመጠ። ጠዋት በር ስንከፍት ከቤታችን የሚረዝም ጫካ ቆሞ አገኘን። ካሞንጎ የሚባለው፣ ከውሃ ውጭም የሚተነፍሰው ዓሣ እንደ ውሻ ደጃፋችን ላይ ይተኛ ጀመር። ለኦጎላ የቆፈርነው ጉድጓድ ውሃ እየሞላ ሁለት ወንድ እየቀዳ ነው ያስገባነው። ይህንን ሪስፐር እያየች ነው።

ከትምህርት ቤቱ በላይ ደረቅ መሬት አለን፤ ታውቀዋለህ። ግን ታላቅ የራሱን ግቢ ሳያቆም ታናሽ ቀድሞት ከአባቱ ግቢ አይወጣም። አንተ ሃምሳ አራት ዓመትህ ነው። በአባትህ በር አጠገብ የነበረችው የጎረምሳ ጎጆህ ከፈረሰች ስንት ጊዜዋ! ና፣ አንድ ቀን ብቻ ና፣ ምሰሶህን ትከልና በማግስቱ ተመለስ ብዬ ለመንኩህ። የመለስክልኝን ደግሞ ልገልብጥልህ፣ አንተ መገልበጥ ስለምትወድ፦ «ውሃ ሲመጣ ሰው ወደ ላይ ይወጣል፤ ለዚህ የታላቅ ፈቃድ አያሻም። እኔን እንደ ሞትኩ ቁጠረኝና ሥራ።»

ኦጎላን በቀበርን በወሩ ይህንኑ ደብዳቤ ለሽማግሌዎቹ አነበብኩላቸው። አጎታችን ኦሚቲ ወረቀቱን ተቀብሎ ገለባብጦ አየው፤ ማንበብ ባይችልም።

«የሱ እጅ ነው?» አለ።

«የሱ ነው።»

«ሰክሮ ነው?»

«አይጠጣም።»

«ልጁ ዶክተር ነው አይደል እንዴ?»

«ዶክተር ነው።»

«እንግዲያ ሞቻለሁ ካለ ከኛ የበለጠ ያውቃል። እንቅበረው።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ኦሚቲ ግን አልሳቀም። «በአንድ ሰው ኩራት የተነሣ ሁለተኛ ሕፃን ውሃ ውስጥ አልቀብርም» አለና ያጎ የሚያወርድ ሰው ላከ።

ጋዜጣው ላይ ውሃ በላው ያልነው ለክብርህ ብለን ነው። «ራሱን በደብዳቤ ገደለ» ተብሎ ይጻፍልህ? ሸምበቆ ያልኩት ደግሞ ማስታወቂያ የሚቀበለው ልጅ «ደንገል ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ደክሞኝ ነበር።

አሁን ከትምህርት ቤቱ በላይ ነን። ደረቅ ነው። ልጆቹን ሳል ለቋቸዋል። እና ልጠይቅህ፤ ብትመጣ በየትኛው በር ትገባለህ? እኔ ግቢዬን ያቆምኩት ታላቄ ሞቷል ብዬ ነው። በእግርህ ቆመህ ከታየህ ቀድሜህ ወጣሁ ማለት ነው፤ ወግ የጣስኩበትን በሕይወታቸው የሚከፍሉትም ልጆቼ ናቸው። አንተ በዚህ አታምንም። ሪስፐር ግን ታምናለች። ደብዳቤህ ከመጣ ወዲህ የተኙትን ልጆች ትንፋሽ እየዞረች ታዳምጣለች።

እናታችን ደህና ናት። ዓሣ ትበላለች። ትናንት «ይሄ ዓሣ ጨው አያውቅም እንዴ?» ብላ ሪስፐርን ተቆጥታታለች።

ጀርባው ላይ በእርሳስ የጻፍኩትን እባክህ መልስልኝ።

ታናሽህ፣
ናፍታሊ

*

ማውን
ጁን 24 ቀን 1998

ናፍታሊ፣

ስለ ኦጎላ የሚጻፍ ነገር ጀምሬ ቀደድኩት፤ ደግሞም ጀምሬ ቀደድኩት። ስለ ማገዶው አልከራከርህም። የላክሁለት፣ የወፎችን ሥዕል የያዘው መጽሐፍ ደርሶት እንደነበረ ብቻ ንገረኝ። ደርሶት ከነበረ፣ የትኛውን ወፍ እንደወደደም ጻፍልኝ።

በእርሳስ የጠየቅኸኝ፣ ደሴቱን የማጥፊያው ዘዴ፣ ይኸውልህ። ደሴቱን በእሳት አትሞክረው። እሳት የሚበላው ላዩን ነው። ሕይወቱ ያለው ከታች፣ እንደ ክንድ ወፍሮ እርስ በርሱ በተጠላለፈው ግንደ ሥር ውስጥ ነው፤ ከተቃጠለ በኋላ ጠንክሮ ይመለሳል። ከውሃ በላይ ብትቆርጠው ለመልካም አዝመራ እንዳዘጋጀኸው ቁጠረው። ከውሃ በታች ብትቆርጠው ግን በተቆረጠው በኩል ውሃ ይገባል፤ ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። ዘዴው ይህ ነው። አውቀህ ተወው እንጂ አታድርገው። ውሃው ሲሸሽ ደሴቱ ባረፈበት ሥር ይሰዳል፤ አፈሩንም ይይዛል። በአሮጌው ግቢ አባታችን አለ፣ ኦጎላ አለ። ማዕበል መቃብራቸውን እንዳይወስድ የሚከላከልላቸው ያ ደንገል ብቻ ነው። የኔንም መቃብር ይጠብቅልኛል፤ እዚያው አይደል ያለሁት?

አሁን ወደ ክርክራችን። «እንደ ሞትኩ ቁጠረኝ» ማለት ሰው ሲናደድ የሚለው ነው። ልጆች ሳለን ስንጣላ ስንት ጊዜ «ግደለኝ እንግዲህ!» ብለኸኛል። ገድዬህ አውቃለሁ? ቃሌን ይዘህ ከሽማግሌ ፊት ቀረብክ። መልካም። ያን ጊዜ አንድ ደብዳቤ ብትጨምርልኝስ? «ኦጎላ ሞተ» የሚሉ ሁለት ቃላት ብትልክልኝ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሳፈር ነበር። አልላክህም። እንድመጣ ሳይሆን እንድቀር ነበር የፈለግኸው፤ የመጣ ታላቅ ሁሉን ነገር ይመረምራል፤ ማገዶውንም ይመረምራል። ይህን ሳስብ ምናልባት እውነት አለህ እላለሁ፤ ያ ግን ከጥፋትህ ነፃ አያደርግህም።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ኦሚቲ መኖሬን ያውቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ያውቁ ነበር። ሪስፐር ታውቅ ነበር። ሣጥኑን የተሸከሙት ሰዎች ክብደቱን ያውቁ ነበር። እናታችንስ?

ጨው የሌለው ዓሣ እንዳስቆጣት ነገርከኝ። እኔ ግን እንድትነግራት የጠየቅሁህ ሌላ ነገር ነው። እርሷ ማንበብ አትችልም፤ ደብዳቤ የሚያነብላት አንተ ነህ። ሰው ዓይኑን በሰው እጅ ሲያደርግ እንዲህ ነው። እኔ የማልዋሸው አንድ ሰው በዓለም ላይ ቢኖር እርሷ ናት። ልጇን በቁሙ አልቅሳ ከሆነ፣ ከእንግዲህ አንድ ሰዓት እንኳ ማልቀስ የለባትም።

ስለዚህ ማስተባበያውን ትቼዋለሁ። ጋዜጣውም ይቅር። እናታችንን አስቀምጠህ ንገራት። ከዚያ አንድ ክንድ የምታህል የደንገል ገመድ በእጇ ትግመድልኝና መልስህን በዚያች ገመድ እሰረው። ሌላ ምስክር አልፈልግም።

ሄዝሮን

*

ካዲሞ
ጁላይ 19 ቀን 1998

ታላቄ ሄዝሮን፣

እንዳልከው አድርጌአለሁ። ነገርኳት። ደስ ብሏታል። ሰላም ትልሃለች። ገመዱን በእጇ ገምዳልሃለች፤ ይኸው።

መጽሐፉ ደርሶት ነበር። የወደደው ሆዱ ቀይ፣ ጀርባው ጥቁር የሆነውን ነው፤ ያንን ደንገል ውስጥ ብቻ የሚኖረውን። ሲጮህ እንሰማው ስለነበር። መጽሐፉን ከርሱ ጋር ቀብረነዋል።

ደሴቱን አልነካሁትም።

ከእንግዲህ ይብቃን፣ የእናቴ ልጅ። አንተ እዚያ ሥራ አለህ፣ ደመወዝ አለህ፣ የሚቀዝፍልህ አለህ። እዚህ የሞትከው ለኛ ነው እንጂ ለራስህ አልሞትክም። ተወን።

ናፍታሊ

*

ማውን
ኦገስት 9 ቀን 1998

ናፍታሊ፣

ስለ ወፉ አመሰግንሃለሁ። ይህን የምለው ከሚከተለው ቁጣ ጋር እንዳይቀላቀል አስቀድሜ ነው።

ገመዱን በማጉያ መነጽር አየሁት። ልጡ አዲስ ነው፤ አረንጓዴነቱ ገና ከጠርዙ አልጠፋም። ስለዚህ በጁላይ የተቆረጠ ደንገል ነው፤ በዚህ አልዋሸኸኝም። ጥምዝዙ ግን ወደ ቀኝ ነው።

እናታችን ግራኝ ናት። ይህን ታውቃለህ፤ ማማሰያ የምትይዝበትን እጅ ሁላችንም እያየን ነው ያደግነው። የማታውቀው ግራኝነቷ ገመዱ ውስጥ እንደሚገባ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ልጡን በቀኝ ጭናቸው ላይ በቀኝ መዳፋቸው ይገፉታል። እርሷ በግራዋ ትገፋዋለች፤ ስለዚህ ገመዷ የመንደሩ ሴት ሁሉ ከምትገምደው በተቃራኒ ይዞራል። አንተ ገመድ የተማርከው ከአባታችን ነው፣ መረብ ስትጠግኑ። እኔ የተማርኩት ከእርሷ ነው፤ ጎኗ ተቀምጬ፣ እጇን እያየሁ። በዚህ ምክንያት ግራኝ ሳልሆን እስከ ዛሬ እንደ ግራኝ ነው የምገምደው። ሞሌፊ ጀልባ ስናስር ባየኝ ቁጥር «አለቃ፣ ያንተ ገመድ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው» ይለኛል። አንተን ገመድ እንድታስገምድልኝ የጠየቅሁህ ለዚህ ነበር።

ይህ የሪስፐር እጅ ነው። ጠንካራ ነው፣ እኩል ነው፣ ጥሩ ገመድ ነው። አልወቅሳትም፤ ባሏ ገምጂ አላት፣ ገመደች።

አንድ ነገር ልንገርህ። የአሮጌው ቤት ጣሪያ ማገሩ ሁሉ የታሰረው በእናታችን ገመድ ነው። ከዚያ አንድ ክንድ ቆርጠህ ብትልክልኝ ኖሮ፣ ማርጀቱን እያየሁ፣ «ድሮ ገምዳ ያስቀመጠችው ይሆናል» ብዬ ራሴን አታልል ነበር። ፈልጌም አታልል ነበር። ይህን እንኳ አልተውክልኝም።

ሌላም አለ። በጁን ደብዳቤህ እናታችን ዓሣ ትበላለች፣ ጨው ትጠይቃለች፣ ትቆጣለች። በጁላዩ «ሰላም ትልሃለች» ብቻ ሆነች። እናታችን ሰላም ብላኝ አታውቅም። ከማኬሬሬ ስመለስ በር ላይ ቆማ ያለችኝ «በልተሃል?» ነው። አባታችን ሲሞት በመጣሁ ጊዜ፣ ሬሳው ቤት ውስጥ እያለ፣ ያለችኝ «በልተሃል?» ነው። ከሞት የተነሣ ልጇን ሰላም ብላ የምታልፍ እናት የለችንም።

እንግዲህ የቀረው ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ አልነገርካትም፤ መኖሬን ካወቀች እንደማታሳርፍህ፣ በየጎረቤቱ «ልጄን አምጡ» እንደምትል ፈርተህ። ወይም በጁላይ ልጥ የሚገምድ እጅ አልነበራትም። ለኦዴሮ ጽፌ ማወቅ እችላለሁ። አልጻፍኩለትም። ይህን ከአንተ እጅ ነው የምፈልገው። ከአንድ ማሕፀን የወጣን ሁለት ነን፤ የርሷን ነገር ሦስተኛ ሰው ሊነግረኝ አይገባም።

አንተ የምትፈራው በርህ ላይ ቆሜ መታየቴን ነው። ይኸውልህ ቃሌ፤ እንደ ቀድሞው ለሽማግሌዎቹ ልታነበው ትችላለህ፣ በዚህኛው አልናደድብህም። እውነቱን ከጻፍክልኝ አልመጣም። በዚህ ወግ አላምንም፤ ግን ሪስፐር የልጆቿን ትንፋሽ እያዳመጠች እንድታድር አላደርጋትም። ናንሲና ታናናሾቿ በደረቅ መሬት ይደጉ። እኔ በአባቴ ግቢ፣ ከኦጎላ አጠገብ፣ ደንገል ሥር፣ እንደ ተቀበርኩ እቀራለሁ። ካለች ብቻ፣ ነግረሃት፣ በሕይወት ሳለች በሌላ ቦታ፣ ኪሱሙም ቢሆን፣ አንድ ቀን እንዳያት ታመጣልኛለህ።

ካልጻፍክልኝ ግን እመጣለሁ። በቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከትምህርት ቤቱ በላይ ባለው በር እገባለሁ። መቃብሬንም በገዛ እጄ ቆፍሬ እከፍታለሁ።

ረጅም ደብዳቤ አልፈልግም። ሰላምታ አልፈልግም፤ ወባህንም አትንገረኝ። «አለች፣ አልነገርኳትም» ወይም «የለችም» ብለህ ጻፍ። የለችም ከሆነ ቀኑን ጨምር። ምክንያቱም አሁን ያለንበት እንዲህ ነው፤ ወይ እርሷ የቆመ ልጇን እያለቀሰች ነው፣ ወይ እኔ እናቴን ማልቀስ ሲገባኝ እዚህ ተቀምጬ ለታናሽ ወንድሜ የደንገልና የሸምበቆን ልዩነት አስረዳለሁ።

መልስህን በጽሑፍ፣ እስከ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1998 ድረስ፣ ከላይ ባለው አድራሻ እጠብቃለሁ።

ሄዝሮን